የወረቀት ስማችን

ረፋድ አራት ሰዓት ነው፣ ቤቱ በሙሉ ተኝቷል፣ እኔ ግን ዓይኔን አልከደንኩም። በረመዳን የዚህ ቤት ሌሊቱ ቀን፣ ቀኑ ሌሊት ነው፤ ሱሁር በልተው፣ ሰግደው፣ ፀሐይ ስትወጣ መጋረጃውን ግጥም አድርገው ይተኛሉ። እኔም እስከ ቀትር እንድተኛ ተፈቅዶልኛል፤ እንቅልፍ በፈቃድ ይመጣ ይመስል። ክፍሌ ጣራው ላይ ናት፣ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ጎን፣ መስኮቷ አንድ ክንድ አትሞላም፣ በእሷ በኩል የሚታየኝ የኩዌቱ ሰፈራችን የሚሽሪፍ መንገድ ባዶውን ነው። በኮሮና ምክንያት ሙሉው ሰዓት እላፊ ከታወጀ ሳምንት ሆነው። መኪና የለም፣ ሰው የለም፣ ድመቶች ብቻ አስፋልቱ መሀል እንደ ባለርስት ይንጎራደዳሉ። አዛኑ እንኳ ተለውጧል። ሰባት ዓመት «ወደ ሶላት ኑ» ሲል የሰማሁት ድምፅ ከመጋቢት ወዲህ «በየቤታችሁ ስገዱ» ይላል፤ የመጀመሪያው ቀን አሠሪዬ ማዳም ሳህን እንደያዘች ቆማ አለቀሰች፣ እኔም አብሬያት አለቀስኩ፣ ለምን እንዳለቀስኩ እስካሁን አላውቅም፣ የእኔ አዛን አይደለማ። ነው እንዴ? ሰባት ዓመት በቀን አምስት ጊዜ የሰማሁት ነገር የእኔ ካልሆነ የማን ነው?

ስሜ ዮርዳኖስ ነው። አንዳንዴ እንዲህ ለራሴ መንገር አለብኝ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ላይ ራቢያ ነኝ፣ ሃይማኖት ሙስሊም። ከይርጋ ዓለም ከኤልሣቤጥ ጋር ተያይዘን የተነሣን ጊዜ አዲስ አበባ ያገኘነው ደላላ ገና ስማችንን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። «በዚህ ስም ከሆነ ስድስት ወር እዚሁ ትቀመጣላችሁ፤ ቤቶቹ የሚፈልጉት ሙስሊም ነው። ራቢያና ሐሲና በሉና በሳምንት ትበራላችሁ። ስም ምን አላት፣ ልብስ ናት፣ ስትመለሱ ታወልቋታላችሁ» አለ። እኔ ምላሴ አያርፍ፣ «እንግዲያው በልካችን ስጠን» አልኩት፣ ኤልሣ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። ራቢያ ለእኔ ደረሰችኝ፣ ሐሲና ለእሷ። ከእኛ በፊት የሄዱትም እንደዚሁ አድርገዋል፣ ከእኛ በኋላ የመጡትም። ትንሽ ውሸት ናት ብለን ነበር። አሁን አሁን ሳስበው ራቢያ ሌላ ሴት ሆናብኛለች፤ እሷ ድክም ብሏት ትተኛለች፣ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እጠብቃታለሁ፤ ሥጋ ስትከትፍ «ቢስሚላህ» የምትለው እሷ ናት፣ በዐረብኛ የምታልመው እሷ ናት፣ ማዳም የምትወዳትም እሷን ነው።

ኤልሣ ሐሙስ ሞተች። ፋሐሂል ካለው የአሠሪዎቿ ቤት በአምቡላንስ ወሰዷት፣ ዘጠኝ ቀን ቆየች፣ ስደውልላት «ደኅና ነኝ፣ ሳል ብቻ ነው» ትለኛለች፣ ትንፋሿ ግን ቃሉ መሀል ላይ እየተቆረጠ እስኪመለስላት እጠብቃለሁ። በዘጠነኛው ቀን ስልኩን ያነሣ የለም። ዛሬ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ሐሲና ተብላ፣ ሙስሊም ተብላ ትቀበራለች፣ እኔ ካልተናገርኩ። አሁን አራት ሰዓት ነው። እስከ ስምንት መናገር እችላለሁ።

«ዮርዲ፣ ከፊሏ ፈርሟል» አለኝ ዳንኤል ትናንት። ከፊል ማለት ያመጣት አሠሪዋ ነው። ዳንኤል ደግሞ ሐዋሊ የሚኖር፣ የጸሎት ኅብረታችን መሪ ነው፣ ሥራው የኤሲ ጥገና፤ ኢቃማው ጊዜው አልፎ ከተቃጠለ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ፖሊስ ያለበት አካባቢ ዝር አይልም።

«ምን ብሎ ነው የፈረመው?»

«ሐሲና፣ ሙስሊም። ሰውዬውማ ምን ያድርግ፣ እሱ ያመጣው ሐሲናን ነው። እኔ ለቀብር ቢሮው ደውዬ ነበር፣ አንድ ትሑት ግብፃዊ አነሣልኝ። ከአገሯ ጀምሮ የሚያውቃት ሰው በስሙና በኢቃማ ቁጥሩ ይመስክር፣ ማስረጃ ካለው ይላክ፣ ከዚያ ወደ ክርስቲያኖቹ መቃብር እናዞራታለን አለኝ። እስከ ነገ ስምንት ሰዓት ድረስ።»

«ሌላ ሰው የለም?»

«ከአገሯ የምታውቂያት አንቺ ብቻ ነሽ። የጥምቀት ካርዳችሁ ስልክሽ ላይ አለ አይደል?»

አለ። በጊዳቦ ወንዝ በአንድ ቀን ነው የተጠመቅነው፤ ሁለቱን ካርዶች ጎን ለጎን አድርገን ያነሣነው ፎቶ ነው፣ በግራ የእሷ ፊት፣ በቀኝ የእኔ፣ ሁለታችንም ጠጉራችን እርጥብ ነው። ለእሷ ለመመስከር ፎቶውን ብልክ መስካሪዋ ራቢያ ናት፣ ፎቶው ላይ ያለችው ዮርዳኖስ። አንቺ ማን ነሽ ይሉኛል። በሐሰት ስም መግባት እስር ነው፣ ከእስር በኋላ መባረር፣ ከመባረር በኋላ ደግሞ የታናሽ ወንድሜ የብሩክ ትምህርትና የአባዬ መድኃኒት ከየት እንደሚመጣ አላውቅም። «ዳኒ፣ አስብበታለሁ» አልኩት። «ተባረኪ» አለኝ። እያሰብኩበት ነው፣ ይኸው ነጋ፣ ረፈደ።

ሠላሳ አራት ነበርን። ዳንኤል በደብተሩ በእውነተኛ ስማችን ጽፎናል። ከሠላሳ አራታችን ሃያ ሰባታችን በወረቀት ሙስሊም ነን፤ ነፊሳ አለች፣ ሸሪፋ አለች፣ ሦስት ያስሚን አሉ። «ኅብረታችን በኢቃማ ቢጠራ እኮ መስጊድ ነው» ብዬ አንዴ ሁሉንም አሳቅኳቸው፣ ዳንኤል ብቻ አልሳቀም። ያኔ በሽታው ሳይመጣ ነበር። ዓርብ ዓርብ ፈቃድ ያገኘን ጊዜ ኩዌት ሲቲ ወዳለው ትልቁ የቤተ ክርስቲያን ግቢ እንሄዳለን፤ በአንዱ ክፍል ሕንዶች፣ በሌላው ፊሊፒኖች፣ በኮሪደሩ ግብፆች፣ ሰዓታችን እስኪደርስ እኛ ግድግዳውን ተደግፈን። ግቢውን የመሠረቱት ፈረንጆች ናቸው ይባላል። አሁን ፈረንጅ በባትሪ ፈልገሽ አታገኚም። ያለው የሰው ልጅ አሳዳጊው፣ የሰው ቤት ጠራጊው፣ የሰው መኪና ነጂው ነው።

አንድ ዓርብ ዳንኤል ቅጽ ይዞ መጣ። ክርስቲያኖች በዓለም ላይ የት የት እንዳሉ የሚቆጥሩ ሰዎች ከአውሮፓ የላኩት ነው፣ ከቅጹ ጋር ሁለት ካርታ ነበረው፣ የዛሬ መቶ ዓመቱና የአሁኑ። በፊተኛው ላይ ቀለሙ ሁሉ ወደ ላይ፣ ሰሜን ተከምሯል፤ በአሁኑ ላይ ሰሜኑ ገርጥቷል፣ ቀለሙ ወደ ታች ፈስሶ አፍሪካን አልብሷታል፣ አልፎ አልፎ ደግሞ እንደኛ ባለው የበረሃ ዳር ነጠብጣብ ጥሏል። «እናንተን የት ልጻፋችሁ?» አለ ዳንኤል እስክሪብቶውን አፉ ላይ አድርጎ። «በአገራችሁ ልጻፋችሁ፣ ወጥታችኋል። እዚህ ልጻፋችሁ፣ መንግሥት የሚያውቃችሁ በሙስሊም ነው።» ኤልሣ «ጻፊው እግዚአብሔር ነው፣ እሱ አይሳሳትም» አለች። እኔ «እሱማ አይሳሳት፣ ቅጹን የላኩት ግን ፈረንጆቹ ናቸው» አልኩ። ያን ቀን ስቀናል። አሁን ያ ካርታ በዓይኔ ላይ እየሄደ ነው፣ ቀለሙ እየተንፏቀቀ፣ ሰዎቹ ሳይታዩ፣ አንድ አገር ሲገረጣ ሌላው ሲጠቁር፣ የሚያንቀሳቅሰው እጅ ሳይታይ፤ ይህቺን የጣራ ክፍል ግን የሚነካት አይመስለኝም።

አባዬ ረቡዕ ደውሎ ነበር። ወንጌላዊ ነው፣ ጡረታ የማያውቅ ወንጌላዊ። እሱን ያስተማሩት ስዊድኖች ናቸው፣ በሞተር ሳይክል ጭቃ ለጭቃ እየተንከባለሉ የመጡ። አሁን የአንደኛው ሚስዮናዊ ልጅ፣ አሮጊት ሆናለች፣ ደብዳቤ ጻፈችለት። ስዊድን ያለው የአባቷ ቤተ ክርስቲያን ተሸጠ። «ስፖርት ቤት ሆነ አለችኝ፣ ሰዎች በገመድ ታስረው ግድግዳ ይወጡበታል። ገመዱ የሚታሰረው ድሮ መስቀሉ በነበረበት ነው አለች» አለኝ። በመጨረሻው እሑድ ዘጠኝ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ዘመሩ፣ መብራቱን አጠፉ፣ ቁልፉን ለገዢው አስረከቡ። «ማንም አላባረራቸውም?» አልኩት። «ማንም። እንዲሁ በዝምታ አለቁ። እኛ ደግሞ ቤቱ አልበቃን ብሎ ዛፍ ሥር ነን። ለስዊድን እየጸለይን ነው፣ ጊዜው ሲከፈት ሰው እንልካለን» አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበር፣ ከኩራቱ ሥር ደግሞ ፍርሃት ሰማሁ፣ ወላጁ እንደሞተበት ሰው። ከዚያ ሁልጊዜ የሚጠይቀኝን ጠየቀኝ፤ «እናንተስ ስንት ሆናችሁ?» ሠላሳ አራት አልኩት። በማግስቱ ኤልሣ ሞተች።

ትናንት ዓርብ ነበር። ሰዓት እላፊው ከመጣ ወዲህ የምንጸልየው በስልክ ነው፣ በኢሞ፣ እያንዳንዳችን በየሰው ቤት፣ አንዷ መታጠቢያ ቤት፣ አንዷ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ እኔ ማሽኑን አስነሥቼ ድምፄን ደብቄ። ዳንኤል ስለ ኤልሣ እየጸለየ ሳለ አረንጓዴው መብራት በራ። ስሟ። ኤልሣ ገባች ይላል። ዳንኤል ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰም። ሠላሳ ሦስት ሰው ትንፋሹን ያዘ፣ እያንዳንዱ ቤት ያለው ማቀዝቀዣ ሲያጓራ ይሰማል። ከኤልሣ ስልክ ትንፋሽ መጣ። ደኅና ትንፋሽ፣ የማይቆረጥ። አንዷ «ኢየሱስ፣ ኢየሱስ» ማለት ጀመረች። ከዚያ የሕፃን ድምፅ በዐረብኛ፦ «ሐሲና ተኝታለች። አትጩኹ።» ኤልሣ የምታሳድጋት የአራት ዓመቷ ልጅ ናት። ስልኳን ከሆስፒታል ለቤቱ መልሰውታል፣ ልጅቱ አግኝታዋለች። ሁላችንም ተነፈስን። ግን ልጅቱ አልዘጋችም፣ ማንጎራጎር ጀመረች፤ ኤልሣ ስታስተኛት የምታንጎራጉርላትን መዝሙር፣ ይርጋ ዓለም በመዘምራን የዘመርነውን፣ ቃሉን አታውቀውም፣ ዜማውን ግን አንድም ቦታ አልሳተችውም። ዳንኤል መስመሩን መዝጋት ነበረበት። አልዘጋም። መጨረሻዋ ድረስ አዳመጥናት። ይህቺንስ ቅጹ ላይ የት ይጽፏት ይሆን።

ማታ ደግሞ የኤልሣ እናት ደወለች። አላለቀሰችም፣ ያ ነው ያስፈራኝ። «ዮርዲ ልጄ፣ ሬሳዋ አይመጣም አሉኝ። እሺ፣ ዘመኑ ነው፣ ችዬዋለሁ። ግን አደራሽን፣ በሰው ስም እንዳታስቀብሪብኝ። በትንሣኤ ቀን በስሟ ስትጠራ ምን ብላ ትነሣለች?» እሺ አልኳት። እሺ ይበልጣል ከሺ ይባላል፤ እኔ ግን እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ግድግዳ ማየት ጀመርኩ። እስካሁን ግድግዳውን እያየሁ ነው። ኤልሣን አብራኝ እንድትመጣ የገፋፋኋት እኔ ነኝ። እሷ ስሙን ስትፈራ «ምን ይጎዳሻል» ያልኳት እኔ ነኝ። ሞታ እንኳ ደፋር መሆን የሚጠበቅብኝ እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ አፍ እንጂ ልብ የለኝም።

እስሩን ብቻ ብፈራ ጥሩ ነበር። ከእሱ የባሰ አለ። ማዳም። ማዳም ጨካኝ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት እናቷ በዚህ ቤት ታችኛው ክፍል ውስጥ ሞተች፤ ማዳም መሥሪያ ቤት ነበረች፣ ባሏ ባባ መንገድ ላይ፣ አሮጊቷ እጄ ላይ ነበረች። ማዳም ደርሳ ትከሻዬን ይዛ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ «ሸሃዳውን አስባልሻት?» የእስልምና የእምነት ቃል ነው፣ ለሙስሊም የመጨረሻው ቃል፣ ያለ እሱ መሄድ ትልቅ ፍርሃት ነው። አስባልኳት አልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናግራኝ አታውቅም። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ራቢያ እናቴን ወደ ጀነት ሸኘቻት» ትላለች። አሁን ወርጄ ክርስቲያን ነኝ ስላት ያቺን እናቷን ከጀነት አውርጄ የት ላድርስላት? ለአንዷ እናት ልጇን ለመመለስ ከአንዷ ልጅ እናቷን ልነጥቅ ነው። እንዲያውም ዝም ብል ማን ያውቃል፤ ኤልሣ አሸዋ ውስጥ ነው የምትገባው፣ አሸዋው አንድ ነው፣ እግዚአብሔር ይፈልጋታል። እንዲህ እያልኩ ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ከታች በር ተከፈተ፣ የማዳም ነጠላ ጫማ ደረጃው ላይ ተሰማኝ። እግሬ ወረደ። እኔ አላዘዝኩትም።

ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ ስልኳን ታያለች፣ ጠጉሯ ተፈትቷል። «ራቢያ፣ አልተኛሽም?» አለችኝ።

«ማዳም፣ የምነግርሽ አለኝ።» ፎቶውን አስቀመጥኩላት። ነገርኳት፤ ሁሉንም፣ ደላላውን፣ ኤልሣን፣ እናቷን፣ ስምንት ሰዓትን። ጩኸት ጠብቄ ነበር፣ ለጩኸት ተዘጋጅቼ ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠች እንጂ አልጮኸችም።

«ሰባት ረመዳን ከእኛ ጋር ጾመሻል።»

«ጾሜያለሁ።»

«ከልጆቼ ጎን ሰግደሻል።»

«ሰግጃለሁ፣ ማዳም።»

ከፎቶው ላይ ዓይኗን ሳታነሣ፣ «በእናቴ ጆሮ ምን አልሽ?»

መዋሸት እችል ነበር፣ ለዚህ ውሸት ማንም አይከሰኝም። «ሸሃዳውን አልኩላት። ራሷ ናት ያስተማረችኝ። ሦስት ጊዜ አልኩት፣ በሦስተኛው ከንፈሯ አብሮኝ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ዓይኗን ከደንኩላትና በራሴ ቋንቋ ደግሞ ጸለይኩላት።» የመጨረሻውን ማን ጠየቀኝ? ግን አንዴ የተከፈተ አፍ ነው።

ማዳም ስልኳን አነሣች። «የጓደኛሽ ስም?»

«ኤልሣቤጥ።»

ደወለች። በመሥሪያ ቤት ድምፅዋ የራሷን ስምና የመታወቂያ ቁጥር ተናገረች። «አውቃታለሁ፣ ክርስቲያን ናት፣ ቤቴ ትመጣ ነበር» አለች። ኤልሣ የዚህን ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። የአገሬው ሰው ስትናገር ግን ከየት ታውቂያታለሽ የሚል የለም። ማዳም በጾም አፏ ስለ እኛ ዋሸች። ከዚያ ፎቶውን ከስልኬ ወደ ስልኳ ወሰደችና በጣቷ ጫፍ ከቀኝ ወደ ግራ ገፋችው፣ የእኔ ካርድ ከነፊቴ ተቆረጠ፣ የኤልሣ ብቻ ቀረ፣ ላከችው። «ኸላስ» አለች፣ በቃ፣ አለቀ። ዞራ ስትወጣ ከኋላዋ «ማዳም፣ የእኔ ስም ዮርዳኖስ ነው» አልኳት። እንዳልሰማች ሄደች።

ኤልሣ በስሟ ተቀበረች። የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ ሕንዳዊ ፎቶ ላከ፤ አሸዋ፣ ቁጥር፣ በቀለም የተጻፈ ስም። እናቷ ያን ጊዜ አለቀሰች፣ «ተባረኪ ልጄ» አለችኝ፣ ሲያለቅሱ መስማት እንዲህ ደስ ይላል። ለዳንኤል ግን ማዳም ለምን እንደተባበረችን ሲጠይቀኝ ስለ አሮጊቷ ነገርኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ። «ሸሃዳውን አንቺ በአፍሽ አልሽው?» አዎ። «ሦስት ጊዜ?» አዎ ዳኒ፣ ሰው እየሞተ ነበር። «እንጸልይበታለን» አለኝ። እንጸልይበታለን ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ በእኛ ዘንድ ያደገ ሰው ያውቀዋል።

ዒድ አለፈ። ማዳም አላባረረችኝም፣ ፖሊስ አልጠራችም፣ ምግቤ አልጎደለም፣ ለባባ እንኳ አልነገረችው ይሆናል። ራቢያ ብላ ግን አትጠራኝም። ዮርዳኖስ ብላም አትጠራኝም። ስትፈልገኝ በር ታንኳኳለች፣ ሁለት ጊዜ፣ ቀስ ብላ፤ ልጆቹም ከእሷ አይተው መጥተው እጅጌዬን ይጎትታሉ እንጂ አይጠሩኝም። ዛሬ ዓርብ በስልኩ ጸሎት ዳንኤል ስለ እያንዳንዳችን ከደብተሩ ስም እየጠራ ጸለየ፣ ማሽኑን አስነሥቼ ጆሮዬን አስጠግቼ ጠበቅሁ፣ ከእኔ በፊት ያለችውን ጠራ፣ ከእኔ በኋላ ያለችውን ጠራ። አንድም ሰው አላስተዋለም፣ ወይም ሁሉም አስተውሏል። ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ ቆመ። ክፍሉ ጭር አለ። ስሜን ቢያንስ እኔ ልጥራው ብዬ አፌን ከፈትኩ፣ ሁለቱም ስሞች አንድ ላይ ጉሮሮዬ ድረስ መጡ፣ የትኛዋ ቀድማ እንደምትወጣ ፈራሁ፣ ዘጋሁት። በሩ ሁለት ጊዜ ተንኳኳ። ተነሣሁ።